ፌርማታ የሌለበት መንገድ

ጓደኛችን ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ባለቤቱ መድኃኒት ቤቴ ድረስ መጣች። ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ ዘፍ አድርጋ፣ «እባክሽ የሚያረጋጋ ነገር ስጪኝ» አለችኝ።

«ምነው፣ አመመው እንዴ?»

«እሱማ ምን ሆኖ! ለኔ ነው እንጂ።»

ባሏ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከገበያው ሆስፒታል፣ ከሆስፒታሉ ገበያ። ሰፈሩ በሙሉ «መሪ» ነው የሚለው፤ እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እኔና የደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

«ጠዋት ይነሳል፣ ክራቫቱን ያስራል፣ ወንበሩን መስኮቱ ጋ ይጎትታል» አለችኝ። «አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን እያየ ‹አራት ደቂቃ ዘገየ› ይለኛል። እኔ ታዲያ ምን ላድርግለት? ወርጄ ልግፋው? ትናንት ደግሞ ሳሎን ውስጥ ሳልፍ ‹ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ› አለኝ። ብቻዬን ነበርኩ እኮ!»

ሳቄን ለመደበቅ ጎንበስ ብዬ መሳቢያ ከፈትኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«አንቺና ያ አስተማሪ ጓደኛችሁ ወደ ሰሜን ልትሄዱ ነው ሲባል ሰማሁ። ውሰዱልኝ። ሁለት ሳምንት ብቻ። እኔም ትንሽ አየር ልሳብ።»

አስተማሪው ከመድኃኒት ቤቴ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የጂኦግራፊ መምህር ነው። «ካርታ» እንለዋለን። የዓለምን ወንዝ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሰሌዳ ላይ ይስላል፤ ከቤቱ ወደኔ ሲወርድ ግን አንዳንድ ቀን ዳቦ ቤቱ ጋ ነው የሚገኘው። በበጋ ፀሐይ እምብዛም የማትጠልቅበትን ሰሜን ለማየት ሃያ ዓመት ሲያቅድ ኖሮ በመጨረሻ በዚያ ዓመት ትምህርት ሲዘጋ የእህቱን አሮጌ ቫን ተዋሰ። እኔም መድኃኒት ቤቱን ለእህቴ ልጅ አስረከብኩ፤ እሷም ከኔ የተሻለች ፋርማሲስት ናት። እኔን ደግሞ «ሽሮፕ» ነው የሚሉኝ። ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

በተነሳን ቀን የመሪ ሚስት ሻንጣውን ራሷ ተሸክማ ወረደች። ከዚያ በቫኑ መስኮት አንገቷን አስገብታ ጣቷን ወደ ሦስታችንም አወዛወዘች።

«አንድ ነገር ብቻ። መሪ እንዳይጨብጥ! ይህን ያህል ዘመን ነድቷል፣ አሁን በተራው ተሳፋሪ ይሁን። ቃል ግባልኝ።»

«ቃሌ ነው» አለ መሪ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ።

ካርታ ሲነዳ ቀብር የሚሸኝ ነው የሚመስለው። ከከተማ ሳንወጣ ብስክሌት ቀደመን። ብስክሌቱ ላይ የነበሩት ሴትዮ በርኅራኄ እጃቸውን አውለበለቡልን። መሪ ከኋላ ሆኖ አላስቀምጥ አለን። «ማርሽ! ማርሽ ቀይር እንጂ፣ ሞተሩ እያለቀሰ እኮ ነው! መስታወት እይ! ኩርባው ላይ ዝቅ በል!» ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። በመጀመሪያው ቀን ማታ ከእግሩ ሥር ያለው ምንጣፍ ተጨማዶ ነበር። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ባየ ቁጥር ደግሞ «ሰው አለ፣ ቁም» ይላል። አንዴ ካርታ ግራ ተጋብቶ ቆመ። አጥሩን ቀለም ይቀባ የነበረ ሰውዬ ብሩሹን እንደያዘ አፍጥጦ አየን። ምን እንበለው? «ጎበዝ፣ አጥርህ አምሯል» ብለነው ሄድን።

በሁለተኛው ቀን ከተሞቹ አለቁ። መጀመሪያ ፎቆቹ፣ ቀጥሎ እርሻዎቹ፣ በመጨረሻም አስፋልቱ ጠፋ። ጥድ፣ ሐይቅ፣ ጥድ፣ ሐይቅ፣ ከዚያ የዝንብ ዘር ሁሉ አያት የሆነ የሚመስል ትንኝ። ሰማዩ ሰፍቶ ሰፍቶ ልብ ያስፈራል። ፀሐይዋም እንደ ግትር እንግዳ አልሄድም አለች፤ እራት በልተን፣ ዕቃ አጥበን፣ ተጨዋውተን ሲያበቃ እሷ አሁንም ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። ካርታ በየሐይቁ ቆሞ የሐይቁን ስም፣ ጥልቀቱንና አፈጣጠሩን ያስረዳል። ከዚያ የመጣንበትን መንገድ ረስቶ ወደ ኋላ ይነዳናል። አንዱን ድልድይ ሦስት ጊዜ አልፈነዋል። በሦስተኛው ላይ መሪ «ከዚህ ድልድይ ጋር ዘመድ ሆንን» አለ።

የገረመኝ ግን መሪ ቀስ በቀስ ዝም እያለ መምጣቱ ነው። መጀመሪያ ማርሹን ተወው፣ ከዚያ መስታወቱን። ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ዛፉን ያያል።

«እዚህ ሰው የት ነው የሚሳፈረው?» አለኝ አንዴ።

«ማን አለና ይሳፈራል? ሰው የለም እኮ።»

«ታዲያ መንገዱን ለማን ሠሩት?»

ብስኩት አውጥቼ አቀበልኩት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ካለ የእንጨት ማረፊያ ደረስን። ክፍላችን ሦስት አልጋ፣ አንድ የብረት ምድጃና ልብስ መስቀያ እንዲሆን ግድግዳው ላይ የተመቱ ምስማሮች ነበሩት። መስኮቱ የትንኝ መከላከያ መረብ አለው፤ ትንኞቹ ግን በሩን ያውቁታል። ግቢው ውስጥ አንድ ሰማያዊ አውቶቡስ ቆሟል። የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ነው ያመጣው፤ አሥራ አራት ጡረተኞች፣ ሁሉም አንገታቸው ላይ የርቀት መነጽር አንጠልጥለዋል። አለቃቸው በአንድ ወቅት ዳኛ የነበሩ ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ሲናገሩ ሰው ሳያስበው ይቆማል።

መሪ አውቶቡሱን ሲያይ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ መሰለ። ሁለት ጊዜ ዞረው። ጎማውን በእግሩ ነካ፣ መብራቱን በእጅጌው ጠረገ። በሩ ክፍት ነበር፤ ግን አልገባም። እጆቹን ኋላው አጣምሮ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ከሐይቁ በኩል ጩኸት ሰማን። የአውቶቡሱ ሾፌር፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ተጫዋች ሰው፣ ፊቱን ሊታጠብ ወርዶ እርጥቡ የጀልባ ማቆሚያ እንጨት ላይ አንሸራቶት ቀኝ እጁ ላይ ወድቋል። አንጓው አብጦ ቅርጹ ተበላሽቷል። ከማረፊያው ወጥ ቤት ሁለት ጠፍጣፋ የእንጨት ማንኪያ አስመጣሁና በፋሻ አጥብቄ አሰርኩለት፤ ማስታገሻም ሰጠሁት። ሐኪም ያለው መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ባቡር ጣቢያ ከተማ ነው።

«እሱን እንኳ በቫናችን እናደርሰዋለን» አልኩ።

«እኛስ?» አሉ ዳኛዋ። «ባቡራችን ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

የማረፊያው ባለቤት በሬዲዮ ወደ አውቶቡሱ ድርጅት ደወሉ። ሌላ ሾፌር በሁለት ቀን ይደርሳል አሏቸው። አሥራ አራቱም አዛውንት ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። አንዱ የልጃቸው ልጅ ምርቃት አለባቸው፣ አንዷ የቀሯቸው የደም ግፊት ኪኒኖች ሁለት ብቻ ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ምንም ባይኖርባቸውም ከሁሉም በላይ ይጮሃሉ።

ካርታ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ ጋ ሾፌር አለ።»

ሁላችንም ወደ ሐይቁ ዞርን። መሪ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ካልሲውን እያጠበ ነበር።

ነገሩን ስንነግረው ካልሲውን ጨምቆ ጨምቆ ሊቀደው ደረሰ። «ቃል ገብቻለሁ» አለ። «ለባለቤቴ።»

«እሷን ለኔ ተዋት» አልኩት።

«ቃል ቃል ነው።» ከዚያ እጄን ይዞ ከማገዶው ክምር ጀርባ ወሰደኝ። ፊቱ ተለዋውጧል። «ሽሮፕ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። እኔ እኮ ሾፌር አይደለሁም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አሥራ ሁለት ቁጥር ነኝ፣ በቃ። ዳቦ ቤቱ ጋ ያለውን ጉድጓድ አውቀዋለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ጋ ያለውን ኩርባ አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ መንገድ! ያንን ማንም ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳዋል። ካርታን ሦስት ቀን ሙሉ ስጨቀጭቀው የከረምኩት ለምን ይመስልሻል? እሱ የማያውቀውን መንገድ ይዞ ሄደ። ይጠፋል፣ ግን ይሄዳል። እኔ በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩትም። ፈራሁ።»

ይህን ሰው ሃያ ዓመት ሳውቀው ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔም እውነቱን ነገርኩት።

«እኔስ? በዕድሜዬ የሰው አጥንት ያሰርኩት ዛሬ ነው። ኪኒን ሻጭ ነኝ። በመጽሐፍ ነው ያየሁት፣ እሱም ተማሪ እያለሁ።»

ዓይኑ ፈጠጠ። «ለሰውዬው አልነገርሽውም?»

«ይደነግጣላ!»

መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማገዶው ክምር ላይ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲያበቃ እርጥቡን ካልሲ እጄ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ክፍላችን ገባ። ሲወጣ ክራቫት አስሯል።

የተጎዳው ሾፌር የመሪን መንጃ ፈቃድ በግራ እጁ ተቀብሎ አገላብጦ አየ። ጊዜው አላለፈበትም፣ ደረጃውም ልክ ነው። «ይበሉ ጋሼ» አለው። «ከጎንዎ እቀመጥና መንገዱን እነግርዎታለሁ። የተሰበረው እጄ ነው፣ ምላሴ ደህና ነው።»

አምስት ሰዓት ላይ ተነሳን። ካርታ ቫኑን ይዞ ከኋላ እንዲከተለን ተስማማን፤ እኔ በሽተኛዬን ልጠብቅ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ። መሪ መስታወት ለማስተካከል ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ጮክ ብሎ፣ «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ። ሠላሳ ወንበር ላይ አሥራ አራት ሰው ነበር። ግን ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ታዘው ተጠጉ፣ ዳኛዋ ጭምር።

የመጀመሪያውን ሃያ ኪሎ ሜትር ጣቶቹ መሪው ላይ ነጭ ሆነው ነበር። አንገቱ ላይ ላብ ይወርዳል። ሾፌሩ ረጋ ባለ ድምፅ ይነግረዋል፤ «ከትልቁ ድንጋይ በኋላ ግራ ጠርዙ ልል ነው፣ መሃሉን ይያዙ። አሁን ቁልቁለት ነው፣ በማርሽ ይውረዱ። ጎሽ ጋሼ፣ እንደሱ።» መሪ ራሱን ይነቀንቃል። ዓይኑ ከጠጠሩ አይነቀልም።

ከዚያ ወንዙ መጣ። ድልድዩ ከግንድ የተሠራ ሆኖ፣ የተራራው በረዶ ቀልጦ ውሃው ከሥሩ እያጓራ ይወርዳል። «ሌላ ጊዜ ሰው አውርጄ ነው የምሻገረው» አለ ሾፌሩ። ሁላችንም ወርደን እጅ ለእጅ ተያይዘን በእግራችን ተሻገርን። መሪ ብቻውን ቀረ።

ከማዶ ሆኜ ሳየው አውቶቡሱ እንደ ቤት ገዝፎ፣ እሱ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ እንደ ልጅ አንሶ ታየኝ። ገባ። ግንዶቹ አቃሰቱ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ የኋላ ጎማውን አየ፣ መሪውን ስንዝር ታህል አቃና፣ ከዚያ እየሳበ እየሳበ ወጣ። አዛውንቶቹ አጨበጨቡ። እኚያ ሲጮሁ የነበሩት ሰውዬ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩና ነፋስ ወንዙ ውስጥ ጨመረባቸው።

መሪ በሩን ከፈተ። «ተሳፈሩ፣ ተሳፈሩ! ሰባት ደቂቃ ዘግይተናል።» ድምፁ ግን ሌላ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ከሾፌሩ ጋር ማውራት፣ ማፏጨትም ጀመረ።

ብዙ ሳንሄድ ዳኛዋ የመውረጃ ደወሉን ተጫኑ።

«ምን ነበር?» አለ መሪ።

«ጭልፊት! ያውና ዛፉ ላይ። ያቁሙ!»

«እመቤቴ፣ ፌርማታ ላይ ብቻ ነው የምቆመው።»

«እዚህ ፌርማታ የት አለና?»

«ስለሌለ ነዋ የማልቆመው!»

ዳኛዋ ለአርባ ዓመት ማንም እንዲህ መልሶላቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ደወሉ ለዳክዬ ጮኸ፣ ለጉጉት ጮኸ፤ መሪ አልሰማም። «ባቡር አለባችሁ» ይላል። «ወፍ ባቡር አይጠብቅም፣ ባቡርም ወፍ አይጠብቅም።»

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን መንገዱ አንዲት ጠባብ ሐይቅ ዳር ወጣ። ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል። ድንገት አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ለስላሳ ሆኖ ዳር ያዘና ቆመ። ማንም አልደወለም። ሞተር የተበላሸ መስሎኝ ወደ ፊት ሄድኩ። መሪ በጣቱ ወደ ውሃው አመለከተ። አንዲት ጥቁርና ነጭ የውሃ ወፍ ሁለት ግራጫ ጫጩቶቿን ጀርባዋ ላይ አዝላ እየዋኘች ነበር።

«እይ፣ ሽሮፕ» አለኝ በሹክሹክታ። «ተሳፋሪ ይዛለች።»

አዛውንቶቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ተጋፉ። አንዱ ጫጩት ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ እናቲቱ ቆማ ጠበቀችው፣ ተፍጨርጭሮ ተመልሶ ወጣ። መሪ ክንዶቹን መሪው ላይ አጣጥፎ አገጩን አሳረፈና ያያል። ሰዓቱን አላየም። እኔ አይቻለሁ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆመናል። ሾፌሩ እንኳ የእጁን ሕመም ረስቶ ነበር።

ስንነሳ ዳኛዋ ወደ ፊት መጥተው ከኋላው ቆሙ። «ለጭልፊቱ ባለመቆምዎ ይቅር ብዬዎታለሁ» አሉት።

ጣቢያው ስንደርስ ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር፤ ባቡሩም ገብቷል። አሥራ አራት አዛውንት ሻንጣና የርቀት መነጽር ይዘው ሲሮጡ ማየት ነው! ዳኛዋ ቀድመው ደርሰው አንድ እግራቸውን ባቡሩ ደረጃ ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርገው ቆሙ። ትኬት ተቆጣጣሪው «ይግቡ ወይ ይውረዱ» ቢላቸው፣ «የመጨረሻው ሰው ሲገባ እገባለሁ» አሉት፤ እሱም ሳያስበው ቆመ። ሁሉም ገቡ። ባርኔጣ አልባው ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብለው ለመሪ እጃቸውን እስኪርቁ ድረስ አወዛወዙለት።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ ማንኪያዎቹን አይታ፣ «ይህን ያሰረው ማን ነው?» ስትል አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሸሸሁ። «በጥሩ ሁኔታ ነው የታሰረው» አለች። የዚያን ቀን ከራሴ ቁመት አንድ ስንዝር ጨምሬ ነው የወጣሁት።

ካርታ የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በአንድ መንገድ ላይ አንድ አውቶቡስ እየተከተለ ጠፍቷል።

«አቧራው ጋረደኝና አንድ መገንጠያ ገባሁ» አለን። ምንም አላፈረም፤ ጭራሽ ፊቱ ያበራል። «ድብ አየሁ! ከነሁለት ልጆቿ፣ እንጆሪ ስትበላ። ርቀታችን ከዚህ እስከዚያ ግድግዳ ድረስ ቢሆን ነው!»

«አውቶቡስ ተከትሎ የሚጠፋ ሰው!» አለ መሪ፤ ግን አቅፎ ነው የተናገረው። «ስማ፣ እንዲህ ያለውን መንገድ ሦስት ቀን ሙሉ ላንተ ብቻ ትቼ ከኋላ መቀመጤ ስህተት ነበር።» ካርታ አልገባውም። እኔ ገባኝ።

ከዚያ ሚስቱ ጋ ደወለ። እኛ ከጎኑ ቆመን ድምጿን እንሰማለን።

«መሪ ጨበጥክ?» ነው ያለችው ገና ከመጀመሪያው።

«እንዴት አወቅሽ?» አለና ሳቀ።

«ድምፅህ ነገረኝ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ስቀህ ታውቃለህ?»

ነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት። ድልድዩን፣ ጭልፊቱን፣ ወፏን። በመጨረሻም የአውቶቡሱ ድርጅት፣ ሊልከው ያሰበው ሰው ለሌላ መስመር ስለተፈለገ፣ የተጎዳው ሾፌር እጁ እስኪድን ስድስት ሳምንት እንዲነዳላቸው እንደጠየቀው ነገራት።

«ስድስት ሳምንት? እኔስ?»

መሪ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ነይ» አላት። «ነይና አብረን እንየው። ሐይቅ እንጂ ሌላ ነገር የለም፤ ትንኙ ደግሞ አይጣል ነው። ግን ነይ።»

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በባቡር መጣች። ሁለት ሻንጣና የራሷን ትራስ ይዛለች፤ የሰው ትራስ አንገቷን ያማታል። እኔና ካርታ ልንቀበላት ቆየን። መሪ አዲስ የመጡትን ተጓዦች ይዞ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ አውቶቡሱን ከጎማ እስከ ጣሪያ አየችው፣ ከዚያ ተሳፍራ ልክ ከመሪ ኋላ ያለውን ወንበር ያዘች።

«ስንት ሰዓት ነው የምንደርሰው?» ስትለው ሰማናት።

«እንጃ» አለ መሪ። «እንደሚታየው ነገር ነው።»

አፏን ይዛ አየችው። አውቶቡሱ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ከጣቢያው ወጣ፤ እሷ በመስኮቱ ለኔ አንድ ነገር ትጮሃለች፣ አልሰማኋትም፤ እጄን ብቻ አወዛወዝኩ።

እኔና ካርታ በዚያው ቀን ወደ ቤት ልንመለስ ነበር ሐሳባችን። ግን ከከተማዋ ወጣ እንዳልን የመጀመሪያው ሐይቅ ጋ ቫኑን አቆመ። ስሙንም ጥልቀቱንም አልነገረኝም። ጫማውን ፈታ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ጮኸ፤ ውሃው ገና ከበረዶ የወጣ ነው።

«ትገቢያለሽ ወይስ መጀመሪያ የፍርሃት መድኃኒት ትወስጃለሽ?»

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ መዋኘት አልችልም። ጫማዬን ቫኑ ሥር አስቀመጥኩና ገባሁ።